አቤት እንዳትል

ኅዳር 12 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምትናፍቀኝ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። አክስትህ በደንብ ታበላሃለች? በልጅነታችን ድስቱን ጠርጋ የምትጨርሰው እሷ ነበረች፤ ቀደም ቀደም እያልክ ብላ። ስምህን ፖስታው ላይም እዚህም ያልጻፍኩት ተቀይሜህ አይደለም፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ጠበቃው ዘንድ ሄጄ ነበር። የተጠባባቂነት ጊዜህ አልቆ ከተሰናበትክ በኋላ አዛዡ የእነዚያን ምንም ያላጠፉ ሰዎች ቤት አቃጥል እንዳለህ፣ አንተም እምቢ ብለህ ወደ ቤትህ እንደመጣህ ነገርኩት።

«እማማ፣ ተጠባባቂ ወታደር በጦር ፍርድ ቤት የሚዳኘው በአገልግሎት ላይ ሳለ ብቻ ነው። ልጅዎ አሁን ሲቪል ነው፤ ሊነኩት አይችሉም» አለኝ። እልል ልል ስል እጁን አነሳ። «ግን የሠራዊቱ ጠሪ ስሙን ሲጠራው አቤት ካለ፣ ለአገልግሎት ቀረበ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የእነሱ ነው።»

አንተ ወደ አክስትህ ከሄድክ ወዲህ ጠሪው በየቀኑ ቤታችን ይመጣ ነበር። ረጅም ካፖርት ለብሶ አጥሩ ውጭ ይቆማል። ሕጉ አይፈቅድለትምና አንድ እግሩን እንኳን ወደ ግቢ አያስገባም። ፊቱን አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አብሮህ የተሰናበተውን የጫማ ሰሪውን ልጅ፣ ያን ቀልደኛ፣ ታስታውሰው የለ? ፊቱን ሲታጠብ ስሙ ተጠራ፤ ሳያስበው «አቤት» አለ። ሳሙናው ጆሮው ላይ እንዳለ ወሰደው። በማግስቱ ጠሪው አንተን የጠራህ በዚያ ልጅ ድምፅ ነው፤ ሳቁ እንኳን አልቀረም። አባቱ ሰምቶ መዶሻውን ጥሎ ወደ እኛ ቤት ሮጠ። አጥሩ ጋ የቆመው ካፖርት የለበሰው ሰው ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ንዴቴ መጣና በመስኮት ጮህኩበት። ታውቀኝ የለ፣ አፌ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። እሱ ግን እስክጨርስ አዳመጠኝ።

ትናንት ስፒል በከንፈሬ ይዤ የደንበኛ ቀሚስ ሳጥፍ፣ ውጭ ስምህ ተጠራ። በእኔ ድምፅ። ከትምህርት ቤት ስትዘገይ መጨረሻውን እየጎተትኩ እንደምጠራህ አድርጎ። ጎረቤታችን ባልዲዋን ይዛ ስታልፍ፣ «ልጅሽ መጣ እንዴ? ስትጠሪው ሰማሁ» አለችኝ። ስፒሎቹ ገና ከንፈሬ ላይ ነበሩ።

ዛሬ አልመጣም። ከጠዋት ጀምሮ አጥሩን አያለሁ፤ ማንም የለም። ያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ወደ አንተ መንገድ ጀምሮ ይሆናል።

«ሲጠሩህ ምን አይባልም፣ አቤት ይባላል» እያልኩ በቁንጥጫ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! አሁን እርሳው። ስድ አደግ ይበሉህ። እኔ ስጠራህም እንዳትመልስ። ከደጅ ሆኜ «ልጄ፣ እናትህ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ክፈትልኝ» ብልህ፣ ባለቅስም እንኳን፣ አቤት እንዳትል። እኔ አይደለሁም። ከእንግዲህ በእኔ ድምፅ ስምህን የሚያነሳ ሁሉ እሱ ነው፤ ፖስታው ላይም እዚህም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

ናፍቆቱ አሸንፎኝ አንድ ቀን ከመጣሁ ስምህን አልጠራም፤ በርም አላንኳኳም። ደጃፍህ ላይ ቁጭ ብዬ እስክትወጣ እጠብቅሃለሁ። ዝም ያለችው እናትህ እኔ ነኝ።

አምላክ ከጠሪ ይሰውርህ፤ አፍህን ይያዝልኝ።

ስምህን የማትጠራው
እናትህ