እናት የሌለው ዳክዬ

ማርች 4፣ 1557
ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን። ንፋስ። ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ዓሣ ገበያ ወረድኩ። እትዬ ጊዮት እንደ ልማዷ መረብ ያመጣቸውን ጥቁር የባሕር ዳክዬዎች ከዓሣው ጎን ደርድራለች። ሁለት ገዛሁ።
"ሊቁ ዛሬም ሆድ ሊቀድዱ ነው? ሰው ይበላል፣ እርስዎ ይቆጥራሉ።"
ቀደድኩ። የእንቁላል ዘር የለም። ዘንድሮም ሁሉም ወንድ። እንግዲህ በመጽሐፌ የጻፍኩት ልክ ነው፤ ይህ ወፍ እናት የለውም፣ ከበሰበሰ የመርከብ እንጨት ይበቅላል፣ ስለዚህ ሥጋ አይባልም፣ በጾም እንደ ዓሣ ይበላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

ማርች 11
የገዳሙ አለቃ አባ ኦዶን ምሳ ጠሩኝ። ዳክዬ በባሮ ሽንኩርት። ስለዚህ ወፍ የጻፍኩትን ምዕራፍ ሰባትን በቃላቸው ወጡት፤ እንግዶቹ ተደነቁ። ስለ እንቁራሪት አርባ ገጽ ጽፌያለሁ፣ እሱን የሚያነሳልኝ የለም።
"የሆዳችን ጠበቃ ነህ" አሉኝ አባ፣ ጣታቸውን እየላሱ።
ሩዋን ከተማ ያለው አታሚ ልኮብኛል። መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው። እርማት ካለኝ ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ በሚነሳው ጋሪ እንድልክ ነው። እርማት አለኝ?

ማርች 23
አሥራ አንደኛው። ወንድ። አሥራ አንድ ወንድ ያለ አንዲት ሴት... ገዳም ካልሆነ በቀር የት ይገኛል?

ኤፕሪል 2
ከጊዮት ጠረጴዛ ስር ቅርጫት አየሁ። ቡናማ ላባ ሞልቶበታል።
"ይሄ የምንድን ነው?"
"የጫጩቶቹ። መልካቸው አያምርም፤ ነጭቼ፣ ሆዳቸውን አጽድቼ ነው የምሸጣቸው። ለእርስዎ አይሆኑም።"
አንድ ስጪኝ አልኳት። አልቋል አለች። ዓይኗን ወደ ባሕሩ አዞረች።
አንድ ላባ ይዤ መጣሁ። ከጥቁሮቹ ጋር ለካሁት፤ እኩል ነው። ጫጩት? ወይስ ሴቶቹ? ስድስት ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ አንድ ቀን ጎንበስ አላልኩም። ሞኝ!

ኤፕሪል 16፣ ስቅለት
ገበያ የለም። መጽሐፉን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ማንበብ አትችልም፤ ምዕራፍ ሰባትን አነበብኩላት። "እናት የለውም" የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።
"ይሄ ታትሟል?"
"አራት መቶ ቅጂ።"
"እኔ እኮ... ለራስዎ የሚጫወቱ መስሎኝ። የሆድ ዕቃ የሚወድ ሰው ገጠመኝ ብዬ።" እጇን በሽርጧ ጠረገች። "እንቁላል አለው ከተባለ ሥጋ ነው። ሥጋ ከሆነ በጾም ማን ይገዛኛል? ባሌ ከሞተ ያኖረኝ ይሄ ወፍ ነው።"
ምን ይባላል? እርማቱን ትቼዋለሁ ብል ውሸቱ በስሜ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው። አልተውም ብል ጉርሻዋን ከአፏ መንጠቄ ነው። መጽሐፌን አጥፌ ወጣሁ። አፈርኩ።

ኤፕሪል 17
ጧት በር ተንኳኳ። ጊዮት። ቡናማ ዳክዬ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገች፤ ላባው ያልተነጨ፣ ሆዱ ያልተነካ።
"ነገ ይፈሰካል። የሚገዛኝ ገዝቷል። ይክፈቱት።"
ቢላዬን አነሳሁ፤ ላባውን እያገላበጥኩ ቆየሁ። ቢላውን ነጠቀችኝና በሁለት ጭረት ከፈተችው። ከጀርባ አጥንቱ ስር ቢጫ የእንቁላል ዘር ተደርድሯል፤ አብዛኛው ሰናፍጭ ያክላል፣ ሦስቱ አተር።
"ሠላሳ ዓመት ለድመቷ ስጥለው ነበር" አለች።
አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው... ደግሞም አፍሬ።
"ኑሮሽስ?" አልኳት።
"ከባሕሩ ዳር የሚበላ ዛጎል እለቅማለሁ። ዓሣ መች ጠፋ? ገበያ ላይ መዋሸት ያለ ነው፣ ሊቁ። መጽሐፍ ላይ ግን ይከብዳል።"

ኤፕሪል 20
ምዕራፍ ሰባትን ሰረዝኩ። በምትኩ፦ "ተሳስቼ ነበር። እናት አለው። ያሳየችኝ ዓሣ ሻጯ ጊዮት ናት።"
አባ ኦዶን ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰምተው አሰቡ አሰቡና፣ "መጽሐፉ እዚህ እስኪደርስ የሚመጣው ጾም ያልፋል" አሉ። "እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ነው የማነበው።" ለጊዮት አንድ ዓመት ተገኘላት ማለት ነው።
ስሟን እንደጻፍኩ ልኬባት ነበርና ጋሪው ሳይነሳ እሷም መጣች።
"ስሜ የቱ ጋ ነው?"
አሳየኋት። ጣቷን አሳረፈችበት። ወረቀቱ ላይ የዓሣ ቅባት ቀረ። እንደገና ልገለብጠው አልኩና ተውኩት፤ እንዲሁ ሄደ።
ወንበር ሳብኩላት። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።
"እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሆድ ስትከፍቺ... ሌላስ ምን አየሽ?"
ቀና ብላ የቀለም ብልቃጤን አየች።
"ቀለም ይሄ ብቻ ነው ያለዎት?" አለች።