አራተኛው ስም

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ብሉር ጎዳና ሐበሻ ሱቅ ሄጄ በርበሬና ሽሮ ገዛሁ። ፓርኪንግ የለም። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ባስ ስነዳ ከርሜ ቅዳሜንም መሪ ይዤ... እግሬ አብጧል።

ማታ ልጄ ሐሴት ደወለች። ልታገባው ያለችው የኤሊያስ አባት ጋሽ ዘርይሁን፣ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠር ብለዋል። ልጆቹ ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ።

"ማሚ፣ እንደ ዲኤንኤ ቴስት ነው?"

አዎ፣ በአፍ የሚደረግ ነው አልኳት። የእኛን ወገን ጠንቅቀው የሚያውቁት አክስቴ ጸሐይወርቅ ናቸው። ነገ እጠይቃቸዋለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ከቅዳሴ በቀጥታ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አክስቴ ቤት። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆይቶ ቆይቶ መጣ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ከእኔ ጀምረው ቆጠሩልኝ። ኤልፍነሽ፣ ተክሌ፣ ዮሴፍ፣ ፊታውራሪ ቸርነት... ፊታውራሪው ላይ ሲደርሱ ቀና ይላሉ። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበሩ። የቀሩትንም አሉልኝ፣ ስልኬ ላይ ቀድቼ ለእነ ኤሊያስ እንድታደርስ ለሐሴት ላክሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ጋሽ ዘርይሁን ደወሉ። ድምፃቸው ወርዷል።

"ልጄ፣ የእኔ እናት እኮ የፊታውራሪ ቸርነት የልጅ ልጅ ናት። የሳር አምባው ቸርነት።"

በሁለቱም በኩል አራተኛው ላይ ተገናኙ። ዘመድ ናቸው። ሠርግ የለም።

ሐሴት ሶፋዬ ላይ ተኝታ ታለቅሳለች። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው እንዴት ይከለክለኛል ትላለች። ምን ልበላት?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

አላስችል አለኝ። አገር ቤት ጋሼ ሰብስቤ ጋ ኮል አደረግኩ፣ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው፣ ሳር አምባን አልለቀቁም። ምናልባት ቸርነት ሁለት ይሆናል ብዬ።

ሳቁብኝ።

"ቸርነት? እሱ እኮ የአገሩ ጌታ ነው እንጂ የእናንተ አባት አይደለም። አያትሽ ዮሴፍ ቤቱ አሽከር ነበር። አዲስ አበባ ሲገባ የጌታውን ስም የአባቱ አደረገው።"

"አባቱስ ማነው?"

"ራጉኤል ነዋ። ቀጥቃጩ ራጉኤል።"

ከዚያ አወሩልኝ። አገሩ ሁሉ የሚያርሰው በራጉኤል ማረሻ ነበር። ማጭዱ የእሱ፣ ምሳሩ የእሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ማጠፊያ ሳይቀር የእሱ። ርስት ግን አልነበረውም። ቤቱ ገብቶ እህል የሚቀምስለት ሰው አልነበረም፤ ያሠሩትን ደጅ ቆመው ይቀበሉታል። ልጅ ሲታመም "ቡዳው በላው" ብለው ጎትተው ይወስዱትና ትፋበት ይሉታል። በማግስቱ ደግሞ ማረሻ ሊያሠሩ ይመጣሉ። በምን ፊታቸው? በምን ዓይናቸው ያዩታል?

"የእኔ አባት እዚሁ ከወናፉ ጋር ቀረ፣ ወንድሙ ያንቺ አያት ሸሸ" አሉኝ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?"

"ማን ጠየቀን?"

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ ቆምኩ። ሽሮው አረረ። ስንቆጥር የኖርነው የሰው አባት ነው። ያውም አያታችን ቤቱን የጠረገለትን ሰውዬ። ልጄ ባልወለዳት ሰው ሳቢያ ዘመድ ተብላ ተቀመጠች።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና በዓል ነው፣ ትምህርት ስለሌለ ባስ አልነዳም። አክስቴ ጋ ሄድኩ። ራጉኤል ማነው አልኩ። የያዙትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ማን ነገረሽ?"

"ያውቁ ነበር?"

"ዝም በይ። አያቴን ሰው ፊት ባለ እጅ ልትይው ነው?"

"እውነቱን ካልተናገርን ሠርጉ ይፈርሳል እኮ፣ እትዬ።"

"ሌላ ታገባለች።"

ሌላ ታገባለች... እንደ ጫማ። ደሜ ፈላ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ፣ ቻው እንኳ አላልኩም። ይቺን ሴት ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ብዬ፣ አሁን እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ አንቱ ለማለት አፌ እምቢ አለ። እሷ እንደሁ አትሰማኝም። አንቺ ትባላለች፣ በቃ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ኤግሊንተን ዌስት መንገዱ ያው ተቆፋፍሮ ባሱን ይዤ ቆሜ ስንጨረጨር ዋልኩ። አንዱ ከኋላዬ ጥሩምባውን ለቀቀው። መስኮት ከፍቼ በአማርኛ ሰደብኩት፣ ልጆቹ ሳቁ።

ለሐሴት ማታ ሁሉንም ነገርኳት። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

"ባለ እጅ ማለት... ስኪልድ፣ ባለ ሙያ ማለት ነው?"

"ስድብ ነው፣ ልጄ።"

"እንዴት ስድብ ይሆናል? ዳዲ ካናዳ የገባው ስኪልድ ወርከር ተብሎ አይደል?"

ነፍሱን ይማረውና አባቷ በያጅ ነበር። እሱም ብረት፣ ያም ብረት። አክስቴ ግን ለሰው ስታወራ ኢንጂነር ነበር ትላለች። አሁን ገባኝ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ስሰማ አላረምኳትም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ጋሽ ዘርይሁን ቤት ሄድን። አክስቴ አልመጣም ብላለች፣ ትቅር።

እንደገና ልቁጠር አልኩ። ኤልፍነሽ፣ ተክሌ፣ ዮሴፍ። አራተኛው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "ራጉኤል። የሳር አምባ ቀጥቃጭ። ቸርነት ጌታችን እንጂ አባታችን አይደለም።" ከዚያ በላይ ጋሼ ሰብስቤ የነገሩኝን ቆጠርኩ።

የኤሊያስ እናት ቆንጂት ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማት፣ "ከዚህስ ዝምድናው ይሻል ነበር" አለች።

ልነሳ ስል ኤሊያስ ቀደመኝ። "እማዬ፣ ኢናፍ፣ በቃ። ይሄ ሰው ለአባዬ ቅድመ አያት ማረሻ ሠርቷል። በልታችኋል።" ከዚያ አብሯት ሊወጣ የሐሴትን ኮት አነሳ።

ጋሽ ዘርይሁን "ቆጠርን፣ አልተገናኙም። ሽማግሌ እንልካለን" አሉ። ሲጨብጡኝ ጣቴን ብቻ ነው የነኩት። ቆንጂት ቡናዋን ሳትጨርስ ጓዳ ገባች። መኪና ውስጥ ገብቼ መሪውን በቡጢ መታሁት። ሠርጉ ተገኘ፣ ደስታው የት አለ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። አንዷ ከአጠገቤ ተነስታ ሌላ ወንበር ሄደች። አፍጥጬ አየኋት፣ ዞረች። ሽማግሌዎቹ ግን ለቅዳሜ ቀጥረዋል።

ከሰዓት ስልክ ጮኸ። አክስቴ ጸሐይወርቅ። አላነሳም ብዬ አነሳሁ።

"ሰዉ ሁሉ ሰማ አይደል?"

"ሰማ።"

ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሰማሁ።

"እንግዲያው ከጀመርሽው ጨርሺው። የራጉኤል ሚስት ጽዮን ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ነበረች። አባቴን የወለደችው እሷ ናት። ስሟን ሳልጠራ ልሞት ነበር... እሷንም ቁጠሪያት።"

ንዴቴ አልወጣልኝም። ስለ ሐሴት የተናገሩትን አልረሳም። "እሺ እትዬ፣ እቆጥራቸዋለሁ። እርስዎም ቅዳሜ ይምጡ" አልኳቸው።

ስዘጋ ነው አንቱ ማለቴን ያወቅሁት።