አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ መጣ ብያታለሁ

ውድ ዱሬሳ፣

የሰላምታውን ወግ አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅር በለኝ። ይህን የምጽፈው ከምሳ በኋላ ነው፤ መልስህን የምፈልገው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። በስልክ መጻፍ አልሆነልኝም፤ በእጄ እጽፋለሁ፣ አማል ገጾቹን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አማል የጎረቤቴ የሀዲል ልጅ ናት። የምጽፍልህም ስለ ሀዲል ነው።

እኔ ባምባሲ አማርኛ ያስተማርኩህ ማሚቱ ነኝ። ጅብ ቀበሌ ሄዶ ወረፋ እንደያዘ ድርሰት ጽፈህ ስታነብ ክፍሉ በሙሉ ሲንጫጫ፣ «ጅብ ወረፋ አይዝም፤ ተቀመጥ» ያልኩህ። ከዚያ ወዲህ እኔ ጡረታ ወጥቼ አሶሳ ገባሁ፤ አንተ ደራሲ ሆንክ። አንድም ቀን ጽፌልህ አላውቅም። «ተማሪዬ ነበር» እያልኩ በሰው ስም ላይ መንጠልጠል አልወድም። ዛሬ ግን የምንጠለጠልበት ሌላ ነገር የለኝም።

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ስትናገር ሰምተንሃል። ጋዜጠኛዋ የ«ነበልባል» አሥራ ሁለተኛ ቅጽ መቼ እንደሚወጣ ስትጠይቅህ «አይወጣም» አልክ። «ወንድሜን ዲማን መንገድ ላይ ከገደሉብኝ ወዲህ የሚያስቅ ነገር ከእጄ አልወጣም፤ መሳቅም አሳፈረኝ» አልክ። ዲማንም አስተምሬዋለሁ። ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ፣ ሲጠሩት ደግሞ መልሱ የሚጠፋው ልጅ ነበር። ስለዚህ በሐዘንህ ላይ አልከራከርህም። ነገር ግን ያን ቀን የተናገርከው አሶሳ ውስጥ አንድ ግቢ ገብቶ ያደረገውን አታውቅም፤ ማወቅ አለብህ።

እዚህ መጽሐፍህ ለብቻ አይነበብም። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ሀዲል ግቢ፣ ማንጎው ሥር እንሰበሰባለን። እንደ እኔ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሴቶች አሉ፤ የሀዲል ዘመዶች የሆኑ የበርታ ሴቶች አሉ። እኔ አነባለሁ፤ ሀዲል ወደ በርታ ቋንቋ ትመልሳለች። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳነብ እሷ ረጅም ንግግር ታደርጋለች፤ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ይህን ሁሉ ደራሲው አልጻፈም» እላታለሁ።

«ያ ኡስታዛ፣ አንተ ቃሉን አንብብ፤ ሰዎቹን ለእኔ ተወው» ትለኛለች፤ ኡስታዛ መምህርት ማለቷ ነው። ሴትም ወንድም ለእሷ «አንተ» ነው፤ ማረም ከተውኩ ቆየሁ። እሷ ግን አንተን ማረም አልተወችም። ጂኒህ ነበልባል ባጃጁን እየነዳ ሲናደድ ከራሱ ላይ ጭስ ወጣ ብለህ የጻፍክበት ቦታ ስንደርስ፣ «ጂኒ ጭስ የለውም፤ የጨሰው ባጃጁ ነው» ብላ አስተካክላ ተረጎመችው።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ አማል መጽሐፍህን ስታመጣልኝ አልወደድኩትም። አንድ ጂኒ ከአለቱ ሥር ተባርሮ ከተማ ይገባል፤ ኑሮ ይወደድበታል፤ ባጃጅ መንዳት ይጀምራል፤ ተራራ ማንሳት የሚችል ፍጡር ለቤንዚን ሲሰለፍ ይውላል። ተራ ቀልድ መሰለኝ። ሥርዓተ ነጥብህም አስቆጣኝ። ሁለተኛውን ቅጽ ግን ራሴ ሄጄ ገዛሁ፤ ለምን እንደገዛሁ እስካሁን ሳስብበት ኖሬያለሁ።

አንባቢ የሚወድህ ጂኒው ስለሚበር አይደለም። መብረር እየቻለ ወረፋ ስለሚይዝ ነው። የዳቡስ ወንዝ መንፈስ «ድልድዩን ጀርባዬ ላይ አቆማችሁት» ብሎ አቤቱታ ይዞ ቢሮ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» ይሉታል፤ እሱም ምንጣፉን እያራሰ ሦስት ቅጽ ሙሉ ነገ ይመለሳል። እኛም ስንመለስ ነው የኖርነው። ወንዝን የሚያህል ነገር እንደኛ ሲንገላታ ስናይ፣ መንገላታታችን የሞኝነታችን ቅጣት እንዳልሆነ ይገባናል።

ደግሞ የኋላ ወንበሩ አለ። እነዚያ ሦስት ተሳፋሪዎች፣ ሰፋሪዋ፣ የበርታው ነጋዴና የባምባሲው ኦሮሞ ሽማግሌ፣ በየቅጹ እዚያው ባጃጅ ውስጥ ተጣበው ይጨቃጨቃሉ። «ክርንህን ሰብስብ!» «አንቺ መጀመሪያ ዶሮሽን ሰብስቢ!» ይባባላሉ። ግን አንዱም ሌላውን ጥሎ አይወርድም። ያኔ መንገዶች ተዘግተው፣ ከመተከል በኩል የሚመጣው ወሬ ሁሉ የሞት ወሬ በሆነበት ዘመን፣ እኛ ሴቶች ዓይን ለዓይን መተያየት ፈርተን ነበር። ማንጎው ሥር ማንም አይመጣም ነበር። አንድ ቅዳሜ አምስተኛውን ቅጽ ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ የሀዲልን በር አንኳኳሁ። «ማነው?» አለች፤ በሩን ግን አልከፈተችም። «የኋላ ወንበር ላይ ቦታ አለ?» አልኩ። ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት፤ ከዚያ መቀርቀሪያው ተከፈተ።

ልጄ፣ አሳፈረኝ ያልከው ሳቅ ያ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ደንባችን። በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ ነበልባልን ጉድጓድ ውስጥ ጥለኸው ሄድክ፤ ሦስተኛው እስኪመጣ ብዙ ቆየ። ሀዲል ክረምቱን ሙሉ «አሁንም ጉድጓድ ውስጥ ነው?» እያለች ጤና ነሳችኝ። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን፦ የሚቀጥለው ቅጽ እጃችን ሳይገባ የያዝነውን ቅጽ የመጨረሻ ምዕራፍ አናነብም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያስከበርኩትም እኔ። የአሥራ አንደኛውን መጨረሻ አገር ሁሉ ሲያወራው እኛ ጆሯችንን ደፍነን ከረምን።

ሀዲል ታማለች። ጉበቷ ነው። ሆዷ አብጧል፤ ክንዷ ግን አምባር አይይዝም። ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ «ቤቷ ብትሆን ይሻላታል» ብለው ላኳት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሬዲዮ ላይ የተናገርከውን አብረን ሰማን። ሲያልቅ ከትራሷ ቀና ብላ፣

«ኸላስ። ሌላ መጽሐፍ የለም። የቀረውን አንብብ» አለችኝ።

«ደንብ ደንብ ነው» አልኳት።

«ደንቡ ለሚጠብቅ ሰው ነው።»

አላነበብኩላትም። እንዴት አነባለሁ? ያን ምዕራፍ መክፈት «አሥራ ሁለተኛው አይመጣም፤ ቢመጣም አንቺ አትጠብቂውም» ብሎ መፈረም ሆነብኝ። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማል ገንፎ ስታቀርብላት «ጠግቤያለሁ»፤ ከርከዴ ስታፈላላት «በኋላ»። በኋላ የሚባለው ሰዓት አልመጣም። ትናንት አማል በር ላይ ክንዴን ይዛ አለቀሰች። «እትዬ፣ እናቴ የምትሰማው እርስዎን ነው። እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉ» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩት ይኸውልህ።

መጻሕፍቴን ሁሉ በካኪ ወረቀት እሸፍናለሁ፤ የአንተም የሌላውም ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው። አሥራ አንደኛውን በአንድ እጄ፣ የድሮ የሂሳብ መጽሐፍ በሌላው ይዤ ገባሁ።

«ሀዲል፣ ዙሪ» አልኳት። «በሬዲዮ የሰማነው ሐሰት ነው። አሥራ ሁለተኛው መጣ።»

ዞረች። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። የሂሳቡን መጽሐፍ ተቀብላ አገላበጠችው። ማንበብ አትችልም። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«አሮጌ አሮጌ ይሸታል።»

«ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ነው የመጣው። መንገድ ላይ ዝናብ መታው።»

«ወላሂ በል።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወላሂ አልልም።»

ከዚያ መጽሐፉን ትራሷ ሥር አስገባችና «እንግዲህ ደንቡ ተከበረ። አንብብ» አለች።

የአሥራ አንደኛውን የመጨረሻ ምዕራፍ አነበብኩ። ነበልባል ባጃጁን ሲሸጥ፣ ቀበሌ ሄዶ መታወቂያውን ሲመልስ፣ ወደ አለቱ ሲሄድ፣ ሦስቱ ተሳፋሪዎች ፌርማታው ላይ ቆመው ሲጠብቁት፣ ሲመሽም ማንም ሳይመጣ። እንዲህ አድርገህ ነው የተውከን? ድምፄ እንዳይሰበር በየነጠላ ሰረዙ እየተነፈስኩ ጨረስኩት። ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

«መታወቂያውን ሲመልስ ምን አለ ነው ያልከው?» አለችኝ።

ገጹን ፈልጌ ደገምኩላት። ጂኒው ለጸሐፊዋ «ደረሰኝ ስጪኝ» ይላታል።

ሀዲል መሳቅ ጀመረች። ሳቁ አሳመማት፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። «ሄደ ትላለህ? ወላሂ አልሄደም! ጨርሶ የሚሄድ ሰው ደረሰኝ ምን ያደርግለታል?» ወደ አማል ዞራ በቋንቋቸው የሆነ ረጅም ነገር ተናገረች፤ አማልም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ምን እንዳለቻት አልገባኝም፤ አንተ ያልጻፍከው መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ከዚያ ገንፎ ጠየቀች። በላች፣ ዱሬሳ። ብዙ አይደለም፤ ግን ማንም ሳይለምናት በላች። ከርከዴውንም ጠጣች። ዓይኗን ስትከድን፣ «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለተኛውን ጀምር። ከመጀመሪያው ገጽ። እንዳትዘል» አለችኝ።

ውጭ ስንወጣ አማል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ምን ጉድ ሠሩ? ትራሱን ሳስተካክል ገልጬ አየሁት እኮ። ክፍልፋይ ነው!» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ነገ ምን ሊያነቡላት ነው?»

አማል እናቷ ሳትነቃብኝ እንዳልቀረች ታስባለች፤ «የአዲስ መጽሐፍ ሽታ ታውቃለች፤ ሁሌም መጀመሪያ የምታሸተው እሷ ናት» ትላለች። ይሆናል። ብታውቅም ግን ጀምር ብላኛለች፤ እኔም እሺ ብያታለሁ።

ያን ደረሰኝ አስበህበት ነው የጻፍከው ወይስ አምልጦህ? አስበህበት ከሆነ መመለሻ ትተሃል ማለት ነው። አምልጦህም ከሆነ፣ አንተ በቃኝ ስትል እጅህ አልበቃውም ማለት ነው። እየለመንኩህ ነው፤ ልመና አልተማርኩም፣ ስለዚህ አያምርብኝ ይሆናል። አንድ ገጽ ላክልኝ። ግማሽ ገጽ ላክልኝ። ያዘነ ገጽም ቢሆን ግድ የለም፤ ባጃጁ ተበላሽቶ ይቁም፣ ዝናብ ይዝነብ፣ የኋላው ወንበር ላይ ዲማን የሚመስል ሰው አስቀምጠህ ጥያቄ ሳያልቅ እጁን ያውጣ። ሀዲል የጎደለውን በራሷ ቋንቋ ትሞላዋለች፤ ስትሞላልህ ነው የኖረችው። አንድ ገጽ በመጣ ቁጥር እሷ አንድ ጠዋት ትጠብቃለች። ሆስፒታሉ የሰጠን መድኃኒት የለም፤ በእኔ እጅ ያለው ይህ ብቻ ነው።

ደውለህ አታጽናናኝ። ደግ ቃልም አልፈልግም። ገጽ ነው የምፈልገው።

ካልላክህልኝ ብዬ እኔው ሞከርኩ። በሕይወቴ ሰው አስቄ አላውቅም፤ ከምሳ ጀምሮ ተቀምጬ የወጣልኝ ይህች ናት፦

«ነበልባል ደረሰኙን ይዞ ቀበሌ በተመለሰ ቀን፣ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ‹መታወቂያ ለመውሰድ መታወቂያ ያስፈልጋል› አለችው።»

ያስቃል? እባክህ ንገረኝ። ጂኒው ምን ብሎ እንደሚመልስላት አላውቅም።

በጭንቅ የምትጠብቅህ፣
ማሚቱ አንለይ
አሶሳ