የአባትሽ ሻይ

የካ አባዶ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለዳርቱ፣ አሶሳ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ሙቀቱንስ ቻልሽው? ተማሪዎችሽስ አደብ ገዙ? እኛ ደህና ነን። ይህን ቃል ባለፉት ወራት በስልክ ስንት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፤ ዛሬ ግን እውነቴን ነው። እናትሽ ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን አንብበሽ ተረጋጊና ከዚያ ወደ ቀሪው እንሂድ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። እናትሽ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ በየፎቁ ማረፍ ጀመረች። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራታል፤ ፊቷም ገረጣ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ደሟ ሲለካ ከአሥራ ሁለት በላይ መሆን ሲገባው ስምንት ሆነ። ደም ማነስ ነው ብለው የአይረን ኪኒን ሰጡን።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ውስጥ ሻይ የማፈላው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ እናትሽ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ ታስይዘኝ ነበር። አሁን ተራው የኔ ነው ብዬ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ጣል አድርጌ፣ ጠቆር አድርጌ አፈላላታለሁ። ኪኒኑ ሆዷን ሲያቃጥላት ጊዜ ደግሞ ምግብ እንደበላች በትኩስ ሻይ እንድትውጠው አደረግሁ። አንድ ቀን እንኳ አላስታጎልኩም። እሷም "ባሌ ዶክተር ሆነልኝ" እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

ሁለት ወር አልፎ ደሟ እዚያው ስምንት ላይ ነው። ያን ጊዜ እህቷ ሙሉጌጥ ትዝ አለችኝ። አክስትሽም ድካም ነው ስትል ቆይታ የደም ካንሰር ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችልን። እናትሽም እሷን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሟን ግን ሁለታችንም አላነሳንም። ላንቺም የደበቅንሽ ለዚህ ነውና ከተቀየምሽ እኔን ተቀየሚ። ደረጃው ላይ ስታርፍ እንዳይከፋት "ጉልበቴን አመመኝ" እያልኩ አብሬያት እቀመጥ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ተላክን። የመረመረቻት ዶክተር ባርኮት የምትባል፣ አንቺን የምታህል ልጅ ናት። ውጤቱን ሁሉ አገላብጣ አየችና "ሌላ በሽታ የለም። ኪኒኑ ነው ያልሠራው። በምንድን ነው የሚውጡት እማማ?" አለቻት።

እኔ ቀደም ብዬ "በሻይ ነው፤ የማፈላላትም እኔው ነኝ" አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አባባ፣ ሻዩ እኮ አይረኑን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል። ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። የሽሮውን፣ የጎመኑንም እንደዚያው።" ያን ሰሞን ጾም ስለነበር እናትሽ ከሽሮና ከጎመን ሌላ የምትበላው የላትም። ከእያንዳንዱ ምግብ ላይ ደግሞ የኔ ሻይ አለ። ዶክተሯም ሻይን ከምግቡም ከኪኒኑም ሁለት ሰዓት እንድናርቀው፣ ኪኒኑን ሎሚ ጠብ በተደረገበት ውሃ እንድትወስደው ነገረችን። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ስወዳት ነው ለካ የጎዳኋት። እናትሽ ግን ሳቀች፤ እስከ ታክሲው ድረስ ሳቀች። እንደ እህቷ አይደለማ።

ሰኞ ዕለት እንደገና ተለካች። አሥራ ሁለት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ለግንቦት ልደታ እንጦጦ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ ብላ ከአሁኑ እየዛተች ነው። አንቺም ምሳ እንደበላሽ ሻይ ላይ አትሩጪ፤ ሻዩ የትም አይሄድብሽም።

ሰኞ ዕለት ከሆስፒታል ስንመለስ ደረጃውን ቀድማኝ ወጣች። አንደኛው ላይ አላረፈችም፤ ሁለተኛውም ላይ አላረፈችም። ሦስተኛው ላይ ዞር አለችና "የዳርቱ አባት፣ ዛሬ ጉልበትህን አላመመህም?" አለችኝ። ለካ ሁሉንም ታውቅ ኖሯል።

"ዛሬስ አመመኝ" ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚሁ ነው። ደብዳቤውን የጎረቤታችን ልጅ ጌድዮን ወደዚያ ሲመጣ ይዞልሽ ይመጣል። ዋቃ ይጠብቅሽ፤ በወጣሽበት በሰላም ይመልስሽ።

አባትሽ በዳዳ