የአባዬ ኤ፣ የፈተናው አንድ

ጁላይ 5
ሙቀት። ከቤት መውጣት አያሰኝም። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ሽሪምፕ ይዛ መጣች፤ አባዬ ጓሮ ቀቀለው። ቅመሙን አብዝቶት እንባዬ እየወረደ በላሁ። ነገ ኮሌጅ ደረጃ ያላቸው የአገር አቀፍ ፈተናዎች ውጤት ይወጣል፤ የሚያርሙት የማያውቁን ሰዎች ናቸው፣ ትልቁ አምስት ነው። ሦስት ነው የወሰድኩት፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ታሪክ። ሒሳቡ ያስፈራኛል። ታሪኩን አላስብበትም እንኳ። ያስተማረኝ ራሱ አባዬ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ኤ ነበርኩ። ደግሞ በነጻ አልሰጠኝም፣ ለፍቼበታለሁ። ትምህርት ቤታችን ይህን የታሪክ ክፍል የከፈተው ዘንድሮ ነው፤ አባዬ እንደ ሙሽራ ነበር የሰነበተው።

ጁላይ 6
እንግሊዝኛ አምስት። ሒሳብ አራት። ታሪክ አንድ።
አንድ... ከዚያ በታች ቁጥር የለም። ሦስት ያላገኘ ወደቀ ማለት ነው።
ገጹን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ስሙን አየሁ። ኮሪን ጊድሪ። እኔው ነኝ።

ጁላይ 7
ትናንት አልነገርኩትም። ዛሬ ቁርስ ላይ ራሱ ጠየቀኝ። ሁለቱን ነግሬው ሦስተኛውን ዘለልኩት።
«የኔውስ?» አለ እየሳቀ። የኔው ነው ያለው።
አንድ አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቁን ቀጠለ። ከዚያ ፊቴን አየ። ሹካውን አስቀምጦ ወጣ፤ መኪናው ውስጥ ገባና ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ። እማዬ በመስኮት አየችውና ተይው አለችኝ። ምን አደርገዋለሁ ብላ ነው?

ጁላይ 9
ሉሲል ደወለች። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አልተለያየንም፤ የአባዬ ክፍል ውስጥም ጎን ለጎን ነበርን። እሷ ሁለት ነው ያገኘችው። ሁሉንም ጠይቃለች፤ ከክፍላችን ሦስት ያገኘ የለም። አንድም ሰው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው... ይሄ ያጽናናል ወይስ ይብሳል?
«አባትሽ በኤ አንበሽብሾ ገደል ሰደደን» አለችኝ።
መልሴን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ጁላይ 20
ዛሬ አባዬ ጠረጴዛው ላይ አንድ የድሮ የፈተና ጥያቄ አስቀመጠ፤ ለኔ የእርማት መመሪያውን ሰጠኝ። እንደማታውቂኝ ሆነሽ አርሚኝ አለ። ጥያቄው፣ ሰዎች ከገጠር ወደ ከተማ ለምን ፈለሱ፣ አቋም ይዘህ በማስረጃ ተከራከር ይላል።
አቀርቅሮ ጻፈ። ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። የጻፈው ስለ ቅድመ አያቱ ነው፤ በድሮው ትልቅ ጎርፍ ጊዜ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ጎረቤቶቹን እንዴት እንዳወጣ፣ ውሃው ሲሸሽ መሬቱን ማወቅ አቅቶት ከተማ እንዴት እንደገባ። ሳነበው ጠጉሬ ቆመ። ክፍል ውስጥም እንዲህ ነው የሚያወራልን፤ ደወል ተደውሎ እንኳ የሚነሳ አልነበረም።
ግን ጥያቄውን አልመለሰም። አቋም የለም። ክርክር የለም። መመሪያውን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት... ለአንድ ጥያቄ ዜሮም መስጠት ይቻላል፤ ዜሮ ሰጠሁት። አባቴን።
ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። «እኔም ያስተማርኳችሁ ይህንኑ ነው» አለ።

ኦገስት 12
ትምህርት ተከፈተ። ሚስስ ትሬሃን፣ የኮሌጅ ጉዳይ አማካሪያችን፣ ጠርታ አነጋገረችኝ። ውጤት መላክ ግዴታ አይደለም፣ ማመልከቻው ላይ የምትሞዪው የፈለግሺውን ብቻ ነው አለች። አምስቷንና አራቷን ጻፊ፣ አንዷን እርሺያት። ማን ይጠይቅሻል?
ቀላል ነው። ግን ከማመልከቻው ጋር በሚሄደው የክፍል ውጤት ወረቀቴ ላይ... ታሪክ፣ ኤ። አስተማሪ ጊድሪ። ተማሪ ጊድሪ። የፈተና ውጤት የለም። የሚያነበው ሰው ምን ይላል? እኔ ብሆን ምን እል ነበር?
ደግሞ ሌላ ጉድ። አባዬ የታሪክ ክፍሉን ለቋል! ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄዶ ለሚስ ፎንትኖ ይሰጣት ብሏል። ሚስ ፎንትኖ ገና አምና የተቀጠረች ልጅ ናት። እማዬም የሰማችው ዛሬ እራት ላይ ነው። ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ።

ሴፕቴምበር 8
እማዬ ደብቂው ነው የምትለው። ቁስሉን አደባባይ ይዞ የሚወጣ ሞኝ ነው አለች። አባዬ ሣር ሲያጭድ ሄጄ ጠየቅሁት። ማሽኑን አጠፋ።
«ለኔ ብለሽ አትደብቂ። ለኔ ብለሽም አትላኪ። ውጤቱ ያንቺ ነው።»
«ኤው ግን ያንተ ነው» አልኩት።
አመለጠኝ። «እውነትሽን ነው» አለ። ማሽኑን አስነሳ።

ሴፕቴምበር 9
ምን ነካኝ?

ኦክቶበር 21
ቢሮ ተልኬ ስሄድ በሚስ ፎንትኖ ክፍል አለፍኩ። በሩ ክፍት ነው። ኋላ መደዳ፣ ጉልበቱ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎት... አባዬ። ክፍለ ጊዜ በሌለው ሰዓት እየመጣ ይማራል! ከኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር። እጁን አውጥቶ መለሰ።
«ታሪኩ ግሩም ነው፣ ሚስተር ጊድሪ» አለችው። «ጥያቄው ግን እሱ አይደለም።»
ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሳቀና እንደገና ጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ለኛ ትንፍሽ አላለም።
ቤት ገብቼ ማመልከቻውን ከፈትኩ። አምስት፣ አራት፣ አንድ። ሦስቱንም ሞልቼ ሰሜን ላለው የምመኘው ኮሌጅና ለስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ላክሁት። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም... ግን እሱ ሳይደበቅ እኔ ልደበቅ?

ዲሴምበር 15
ሰሜን ያለው ኮሌጅ አልተቀበለኝም። ደጋግሜ አነበብኩት። አልተቀበለኝም። እርግጠኛ ነበርኩ እኮ... የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ግን ተቀብሎኛል።
አባዬ በሩ ላይ ቆሞ «በአንዷ ይሆን?» አለ።
«አላውቅም።»
እውነቴን ነው፤ ምክንያቱን አይነግሩም። እማዬ ወጥ ቤት ድስቶቹን ስታጋጭ ንዴቷ ይሰማኛል።
ማታ ሉሲል ደወለች። ከጁላይ ወዲህ ከሰላምታ አላለፍንም ነበር። እሷም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ሁለቷን ግን ደብቃ። አንቺ ልከሽ እኔ ደብቄ ያው አንድ ቦታ ደረስን አለችኝ። ሳቅሁ። መሳቅ መቻሌ ራሱ ገረመኝ።

ጃንዋሪ 6
ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነገ ይጀምራል። ሚስ ፎንትኖ ክፍል አስገቡኝ ስላት ሚስስ ትሬሃን መነጽሯን አወለቀች። ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል፣ ለምንሽ ነው? ሜይ ላይ ድጋሚ እፈተናለሁ አልኳት። ልላከው አልላከው ያኔ አስብበታለሁ።
እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። የጎረሰውን ለረጅም ጊዜ አኘከ። ኋላ መደዳ ወንበር አለ ወይ አልኩት።
«ጎኔ ያለው ባዶ ነው» አለ።
«ያዝልኝ» አልኩት።