አው ባሕሩዲንን ማን ጠየቃቸው?

ሐረር፣ ጀጎል
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሆዴ ፍሬ ለናዝራ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። ደህና መሆንሽን ትናንት በስልክ ስለሰማሁ እንደገና አልጠይቅሽም፤ ከጎረቤታችን ከአው ባሕሩዲን ልጀምር። አልተሻላቸውም። ያ ስትሮክ የመታው ቀኝ ጎናቸው እንደዚያው ነው፣ ንግግራቸውም ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። ይሄ እንኳ የአላህ ሥራ ነው፣ ይቻላል። የባሰው ሌላ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ሾርባ ሲቀርብላቸው ጥርሳቸውን ግጥም ያደርጋሉ አሉ። «አሉ» የምልሽ ገብቼ ስላላየሁ ነው፤ ሚስታቸው አይ ነጂባ በሩን ዘግተውብኛል። ሐዲያ አባቷን ልታስታምም ከባሏ ቤት ከድሬ ጠያራ መጥታለች። ትንሹ ልጇ ጥርስ ማብቀል ጀምሯል፣ ማሻአላህ፤ ይህንንም ያወቅሁት እናቱ ስታባብለው በግንቡ በኩል ሰምቼ ነው።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ትዪኝ ይሆናል። የወይዘሮ ጽጌሬዳ ልጅ ትዕግሥት እሁድ ወደናንተ ወደ ማሌዥያ ስለምትበር በእጇ እልክልሻለሁ። ስልኩን ፈርቼዋለሁ፣ ናዝራዬ። በድምፅ የላክሁት ነገር የት ሄዶ እንደሚያድር አላውቅም። ወረቀት ቢያንስ ሼር አይደረግም። በቋንቋችን በጌይ ሲናን ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ እጄ የለመደው ግን ትምህርት ቤት የጻፍኩበትን አማርኛ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ አማርኛ ነውና አትሳቂብኝ።

ነገሩ የተጀመረው ፈላና በር አጠገብ ያለው የሪሃና ሱቅ የተዘረፈ ጊዜ ነው። ሌባው ቆርቆሮውን ፈልቅቆ ገብቶ ያን ሁሉ ሻሽና ጨርቅ ጠራርጎት ሄደ። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፣ በየመታጠፊያው ካሜራ ይሰቀል ተባለ፣ ኮሚቴ ተመረጠ፣ ሊቀመንበሩ ኢሳም ሆነ። ኢሳምን አትረሺውም፤ ቁርኣን ቤት ካንቺ ጋር የቀራው፣ አሁን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው። እኔም ያቅሜን አዋጣሁ። ብቻዬን የማድር ሴት ነኝ፣ ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ያ ገጽ መጣ። «የውስጥ በር» የሚባለው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቀው። ስለ ኢንተርኔት መዘጋት፣ ስለ ሰው ስልክ መበርበር ሲጽፍ የኖረ ገጽ ነው፤ ግማሹ አይገባኝም ነበር። ስለኛ ካሜራ ሲጽፍ ግን አንድም ሳይቀር ገባኝ። «በጀጎል ቤት ከቤት ተደጋግፎ ነው የሚኖረው» አለ። «መንገድ ላይ የተሰቀለ ዓይን መንገዱን ብቻ አያይም፤ ግቢውንም ያያል። ምስሉ ማን ጋ ይቀመጣል? ማን ያጠፋዋል? እናቶቻችን ሻሻቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን ሲያደርቁ ማን እያያቸው ነው?» ወላሂ ልክ ነው አልኩ። በዚሁ ብዕር በያዘው እጄ ላይክ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጦርነት ነው። ኢሳም በራሱ ስም «ካሜራ የሚፈራው ሌባ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። ሪሃና «የተዘረፈው ሱቅ የናንተ ስላልሆነ ነው መብት መብት የምትሉት» አለች። አንዱ ከጅዳ ሆኖ ገጹን «የልማት ጠላት፣ ተከፋይ» አለው፤ ሌላው ተነስቶ ኢሳምን «ካድሬ» አለው። ወዲያው ምርጫ ገባበት፣ ብሔር ገባበት፣ የስንቱ አባት በመቃብሩ ተሰደበ። ካሜራው የት ይሰቀል ብሎ የሚያወራ አንድ ሰው አልቀረም። እኔም ስልኩን አስቀምጣለሁ፣ መልሼ አነሳለሁ፤ እንደሚያም ጥርስ ነው የነካካሁት።

ይህ ሁሉ ይሁን፣ አለፈ ይባላል። እሁድ የወጣው ጽሑፍ ነው ያላለፈው። እንደተጻፈው እገለብጥልሻለሁ፦

«ኮሚቴው ካሜራ ሊሰቅልበት ካሰበው መታጠፊያ ሥር አንድ ግቢ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ሲጠርዙ የኖሩ አባት አሉ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ሚስታቸው ግቢው ውስጥ እንደ ሕፃን ያጥቧቸዋል፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ። ካሜራው ይህን ሊያይ ነው። እሳቸውን ማን ጠየቃቸው?»

ስም አልጠራም። በዚህ ሰፈር ግን ስም ምን ያደርጋል? መታጠፊያው አንድ ነው፣ ጠራዡም አንድ ናቸው።

አንቺ አው ባሕሩዲንን ታውቂያቸዋለሽ፣ ኩሩ ሰው ናቸው። የማኅበራችን የአፎቻው ሴቶች ሊጠይቁ ሲገቡ እሳቸው ቀድመው ከመደቡ ላይ ተደግፈው ተቀምጠው፣ ቆብ አድርገው፣ ቀኝ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ደብቀው ነው የሚጠብቁት። «ሪህ ነው፣ ይለቀኛል» ይሉ ነበር፣ ሰውም አምኖ ይወጣል። የዕጥበቱን ነገር የምናውቀው ራሳቸው፣ አይ ነጂባ፣ ሐዲያና እኔ ነን። እኔም ያወቅሁት አይ ነጂባ ብቻቸውን ሊያነሷቸው አልቻሉ ብለው ስለጠሩኝ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አው ባሕሩዲን እያለቀሱ «ሐሚዳ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ሆዴ አልችል ብሎኝ በዚህ ምድር ላይ ለአንድ ሰው ብቻ በስልክ ድምፅ ልኬ ነገርኩ። የዚያን ሰው ስም እዚህ አልጽፍም።

ጽሑፉ እንደ እሳት ተሰራጨ። ካናዳ ያለው አለቀሰ፣ ጅዳ ያለው አለቀሰ፤ ኢሳምን ሲሰድቡት የነበሩት ገንነው ወጡ፤ ለካሜራው ያዋጣው ሰው ሁሉ ልቡ ተመለሰ፣ ኮሚቴው ሥራውን አቆመ። ገጹም «ድምፃችሁ ተሰምቷል» ብሎ ጻፈ። ያን ባየሁ ጊዜ እጄ ላይክ መጫን እምቢ አለኝ።

እሳቸው ደግሞ ሰኞ ዕለት ሰሙ። ሙሰዕብ፣ ያ ጥረዛ ያስተማሩት፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ «አውዬ፣ አብሽሩ! ዓለም ሁሉ ለእርስዎ እያለቀሰ ነው» ብሎ ስልኩን ፊታቸው ላይ ዘረጋላቸው። ክፋት የለውም፣ ደስ የሚላቸው መስሎት ነው። ዓይናቸው ደህና ነው፣ ያነባሉ። አነበቡ። ከዚያ በሚታዘዝላቸው እጃቸው ጋቢውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ይህንን ሐዲያ ናት በር ላይ ሆና የነገረችኝ፣ እያለቀሰች፤ ከውስጥ እናቷ ሲጠሯት ገባች፣ በሩም ተዘጋ። ያ በር ተዘግቶብኝ አያውቅም ነበር።

ማክሰኞ አፎቻ ነበረን። ሌላ ወሬ አልነበረም። ሪሃና ሻይዋን አስቀመጠችና «አቦ እናንተዬ፣ የኢሳም ካሜራ እኮ ገና ካርቶኑ ውስጥ ነው!» አለች። «እስካሁን ማንንም አላሳየም። አው ባሕሩዲንን ያሳያቸው ያ የመብት ጠበቃ ነኝ ባይ ገጽ ነው።» አንዷ ሳቀች፣ ሌሎቹ አልሳቁም። ሪሃና ወደ እኔ ዞራ «ወይስ ተሳሳትኩ ሐሚዳ? ጎረቤታቸው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ልክ ነሽ አልኳት። ምን ልበላት? ልክ ናት።

አሁን የማያስተኛኝን ልንገርሽ። አንድ ስም የሌለው ሰው ኮሜንት ላይ «የገጹን ባለቤት እያጠናን ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስሟን ከነፎቶዋ እናወጣለን» ብሎ ጽፏል። «ስሟን» አለ። ሥሩ የጻፈው ሰው ብዛቱ፣ የሚጽፉትም ነገር! እናት ታነበው ይሆናል የሚል የለም። ስሟ ከወጣ ለረመዳን እንዴት ብላ አገሯ ትገባለች? ኤርፖርት ማን ይጠብቃታል? ቢቀናትና ብትገባስ በአው ባሕሩዲን ደጃፍ እንዴት ታልፋለች? ከቤቷ ለመውጣት ሌላ መንገድ የላትም።

እኔ ይህ የናንተ ዲጂታል መብት የሚባለው እስከ የት እንደሚደርስ አላውቅም። ገጹ ስለ ካሜራው የጠየቀው ጥያቄ ግን ልክ ነበር፣ ዛሬም ልክ ነው፣ ኢሳም ፊት ቢሆንም እላለሁ። ብቻ እሳቸውን ማን ጠየቃቸው ላለው፣ ገጹስ ጠይቋቸዋል? እኔም አልጠየቅኋቸው። የገጹ ባለቤት እናት ካለቻት ይህን ትላት ነበር፦ ልጄ፣ ያንን ጽሑፍ አውርጂው። በጸጥታ አውርጂው። ረጅም የይቅርታ ጽሑፍ እንዳትጽፊ፣ ይቅርታውም እንደገና እሳቸውን ያነሳልና። ሌላውን ጻፊ፣ ማንንም አትፍሪ፤ የሰው ገላ ግን ለክርክር አይቀርብም። እናቷ እንዲህ ትላት ነበር። ደግሞም በኔ ምክንያት ክርክሩን ተሸነፍኩ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ ትላት ነበር።

አንቺ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። በስልክ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ፤ ስደውልልሽ ስለ አየሩ አውሪኝ። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አፍ፣ ፊቱ ከማይታይ ሰው ይጠብቅሽ። ዕውቀትሽን ለኸይር ያድርግልሽ። አሚን በዪ።

እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። ወረቀቱን ሳላጥፍ በሩ ተንኳኳ፣ ኢሳም ነው። ወረቀቱን ትራስ ሥር ከተትኩት።

«አክስቴ ሐሚዳ፣ አልቀመጥም፣ ሱቁን ክፍቱን ነው የተውኩት» አለና ተቀመጠ። ስልኩ እጁ ላይ ነው። «ይህን የጻፈው ያን ግቢ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚያ ቤት የሚገባ የሚወጣ ማነው? ከእርስዎ በቀር የለም።»

«ታዲያ ገጹን እኔ ከፈትኩት? ፓስወርድ በጠፋብኝ ቁጥር የምታወጣልኝ አንተ አይደለህ እንዴ!» አልኩት እየሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም አልጣመኝ።

እሱ አልሳቀም። «አቦ አክስቴ፣ አይቀልዱብኝ። እኔ የጻፍኩትን በስሜ ነው የጻፍኩት፣ የተሰደብኩትም በስሜ ነው። ያኛው ግን ተደብቆ አው ባሕሩዲንን አደባባይ ላይ አራቆታቸው። ማን እንደሆነ አላውቅም ብለው ወላሂ ይበሉኝ። አንድ ወላሂ። ከዚያ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛ አልጠይቅዎትም።»

በአላህ ስም በሐሰት ምዬ አላውቅም፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው በዚህ የያዘኝ። ዝምታዬ በረዘመ ቁጥር ነገሩ እየበራለት ሲሄድ ፊቱ ላይ አየሁት። አፉን ከፈተ። የማንን ስም ሊጠራ እንደነበር ወረቀት ላይ አላሰፍርም።

ያኔ አይ ነጂባ ሳያንኳኩ ገቡ። ደጅ ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል።

«ኢሳም፣ ከቤቴ ለወጣ ወሬ ሰው የምታስምለው አንተ ማን ነህ?»

«እናቴ፣ እኔ እኮ ለእናንተ ክብር ብዬ—»

«ለኛ ክብር ከሆነ ያንን ስልክ ኪስህ ክተተው። ባሌ ታሟል። የታመመ ሰው ይታጠባል። አንተንም ሕፃን ሆነህ እዚያው ግቢ አጥቤሃለሁ። ከቤቴ የወጣ ወሬ በኔ በኩል ነው የወጣው፤ ለማን እንደደረሰ ላንተ መልስ የለኝም።»

«ይህንን ይማሉልኛል?»

«ውጣ።»

ወጣ። ጫማውን እንኳ በቅጡ አላጠለቀም። እኔ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል አይ ነጂባ እጃቸውን ሰበሰቡ። ይቀመጡ አልኳቸው፣ አልተቀመጡም።

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉ። «ስም ከወጣ ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሳል። ክርክሩ በተነሳ ቁጥር እሱ በሰው ሁሉ ፊት እንደገና ይታጠባል። ደክሞኛል፣ ሐሚዳ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸውን አላዞሩልኝም።

«ሐዲያ ነገ ወደ ባሏ ትመለሳለች። ጠዋት ነይ። ጫማሽን በምታወልቂበት ቦታ ስልክሽንም አስቀምጠሽ ግቢ።»

እናትሽ
ሐሚዳ