ሃሪዳስ ወይስ የሐር ዳስ

ግንቦት ፲ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.፤ ጠዋት። ዕድሜዬ ፸፱ ዓመት ከ፬ ወር ከ፲፩ ቀን።

ዳቦ ልገዛ ወደ ሐበሻ ሱቆቹ ጎዳና፣ ወደ ፌርፋክስ፣ ወጣሁ። ባለሱቋ ገና ከበሩ ስታየኝ አጨበጨበች። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! የእኅትዎ የልጅ ልጅ ስሙ የሐር ዳስ ነው አሉ። እንዲህ ያለ የድግስ ስም ሰምቼ አላውቅም!»

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ሳቄ አመለጠኝ። የታናሽ እኅቴ የአስካለ ልጅ፣ ሰናይት፣ ያገባችው ሕንዳዊ ነው። ለሕፃኑ የራሱን አያት ስም፣ «ሃሪዳስ»ን፣ አወጣለት። አስካለ በጆሮዋ አማርኛ አደረገችው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ያልነገረችው ሰው የለም። ደስታዋ ልክ የለውም።

ግንቦት ፲፩፤ ከቀኑ ፱ ሰዓት።

ከቤተ መጻሕፍት መመለሴ ነው። የሳንስክሪት፣ የጥንቱ የሕንዶች ቋንቋ፣ መዝገበ ቃላት፤ ሁለት እጅ የሚያደክም። ሃሪ፦ ከአምላካቸው ከቪሽኑ ስሞች አንዱ፤ ሥሩ «መውሰድ»፤ ኀዘንንና ኃጢአትን የሚወስድ። ዳስ፦ ባሪያ፣ አገልጋይ። የእኛው «ገብረ»! ከወንበሬ ተነሣሁ። የአባታችን ስም ገብረ አምላክ አልነበረምን? እኛ አገልጋዩን እናስቀድማለን፤ እነርሱ ከጌታው ኋላ ያስከትሉታል። ለአገልጋይስ የእነርሱ ሥርዓት ሳይሻል አይቀርም።

ወዲያው ግን ፈራሁ። አስካለ ጾመኛ፣ ጸሎተኛ። ቪሽኑ የሚለውን ስትሰማስ?

ግንቦት ፲፪፤ ረፋድ።

ሰናይት ደወለች። እሑድ የስም በዓል አለ፤ አማቷ የስሙን ትርጕም ለእንግዶች ሁሉ ይናገራሉ። እናቷ ግን ምንም አታውቅም። «ጋሼ፣ ፕሊስ አትንገራት! የሐር ዳስ ብላ ሀፒ ናት፤ ሶ ለምን እናበላሽባታለን?» ሳቅሁ። «አንተ» ማለቷንም ይቅር አልሁ።

ስልኩን ስዘጋ ሳቁ ቀረ። እሑድ በሰው ፊት ብትሰማው ታፍራለች። ምናልባትም ሕፃኑን ሳትስም ትወጣለች።

ግንቦት ፲፫፤ ጠዋት።

በስልክ አይሆንም፤ ሳልጨርስ ትዘጋብኛለች። ደብዳቤን ግን መነጽሯን አጥልቃ ደጋግማ ታነባለች። ጻፍሁ። ዳሱ ድንኳን አለመሆኑን፤ ቪሽኑንም ሳልደብቅ። ሁለቱ እምነቶች አንድ ናቸው አላልሁም፤ አይደሉምና። ነገር ግን ልጅን «አንተ የጌታህ ነህ» ብሎ መሰየም ለቤታችን እንግዳ አይደለም፤ አባታችንን ገብረ አምላክ ያሉት አያታችን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሙሉ ገጽ ሆነ። እጄ አልደከመም።

መደምደሚያው፦ አስካልዬ፣ ብትቆጪ እኔን ተቆጪ፤ እሑድ ግን ከሁሉ ቀድመሽ ልጁን እቀፊው።

አሽጌ ወደ ቤቷ፣ ወደ ፓሳዴና፣ ላክሁት፤ ከእሑድ በፊት ይደርሳታል።